ፈረሶቹ ያለ ትእዛዝ የወጡበት ቀን

ክቡር ዳይሬክተር አቶ አብዱላሂ፣ ምክትል ዳይሬክተር መምህር ኢሳቅ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

ስለ ዝግጅቱ አመሰግናለሁ። ሶዳው ቀዝቃዛ ነው፤ በዚህ ሙቀት ሞያሌ ውስጥ ቀዝቃዛ ሶዳ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ወንበሮቹን ከየክፍሉ ያመላለሱትንም አመሰግናለሁ። ከኋላዬ የተሰቀለውን ጨርቅ ያስጻፈውን ሰው ግን ማመስገን አልችልም። «መልካም የጡረታ ዘመን ለምዋሊሙ ጋዲሴ» ይላል። ምዋሊሙ መባሉስ ልክ ነው፣ መምህር ነኝ፤ ጡረታ ወጣች ያላችሁ ግን ማን ነው? ለጡረታ ገና ዓመታት ይቀሩኛል። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ዓይኔም ደህና ነው፤ ከዚህ ሆኜ በመጨረሻው ረድፍ ማን እያዛጋ እንዳለ አያለሁ። እኔ ሥራዬን የለቀቅኩት ተናድጄ ነው። እሱን ጨርቁ ላይ ጻፉልኝ አልልም፤ ግን እውነት ያልሆነ ነገር ከጀርባዬ ተሰቅሎ ፎቶ አልነሳም።

ትናንት አቶ አብዱላሂ ቢሮ አስጠርተውኝ፣ «ጋዲሴ፣ ነገ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ተናገሪ፤ ሰው በሰላም ይለያይ» አሉኝ። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታ በዚህ ትምህርት ቤት እንደ እሺ ስለሚቆጠር አሁን ላስተካክለው፤ እሺ አላልኩም።

የምናገረው በአማርኛ ነው። ትምህርት ቤቱን ያቋቋሙት ከድንበሩ ወዲያ ማዶ ተሰደው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ በመምህራን ክፍል የምንጣላውም በአማርኛ ነው። ግሬስ፣ አንቺ የሜሩ ልጅ ብትሆኚም ስንጣላ ሁሉም እንደሚገባሽ አውቃለሁ። ያልገባሽ ካለ ደበላ በስዋሂሊ ይነግርሻል። ደበላ፣ ሳትቀንስ ንገራት።

እንግዲህ ለምን እንደምሄድ ልንገራችሁ። አብዛኞቻችሁ ነበራችሁበት። ግን ካለፈ በኋላ ነገሩ በየአፋችሁ ሌላ ሆኖ እየሰማሁት ነው። «አንዲት ተማሪ ባለጌ ሆና ተቀጣች፣ ጋዲሴም አኩርፋ ወጣች» ተብሎ ገበያ ውስጥ ሲወራ ሰምቻለሁ። እንደዚያ አይደለም።

በኮሮና ጊዜ ትምህርት ተዘግቶ ቤት ስንቀመጥ፣ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሩን እኔ ዘንድ ትቶ ናይሮቢ ገባ። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ጨዋታ ነበር፤ የጥንት ዘመን ጦርነት ነው። ተጫዋቹ ሜዳውን ከላይ ሆኖ ያያል። ባለጦር አለ፣ ባለጋሻ አለ፣ ቀስተኛና ፈረሰኛም አለ። እያንዳንዱ ቡድን የት እንደሚቆም፣ ተጠጋግቶ ይቁም ወይስ ሰፋ ብሎ፣ ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር፣ መቼ እንደሚንቀሳቀስ የሚያዘው ተጫዋቹ ነው። እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ «ጦሩ ከጎን ተመታና ተፈታ» እያልኩ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ከጎን መመታት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ያኔ፣ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጬ ነው።

መጀመሪያ ያለኝን ሰው ሁሉ በአንድ ላይ ወደፊት እልክ ነበር። ብዙ ነን፣ እናሸንፋለን ብዬ። የእኔን ግማሽ በማይሞላ ጦር ተደበደብኩ። ተናድጄ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። ምሳዬን በልቼ እንደገና ከፈትኩት።

ቀስ በቀስ ገባኝ። ባለጦሮች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ከቆሙ ከፊት የመጣ ፈረስ አያልፋቸውም፤ ይወጋል፣ ይወድቃል። እነዚያኑ ሰዎች ከጎን ወይም ከጀርባ ፈረስ ቢመጣባቸው ግን ያን ረጅም ጦር ማን ያዞረዋል? እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። ጥቂት ፈረሰኛ ይበትናቸዋል። ተጠጋግቶ የቆመ ለቀስት ይመቻል፤ ሰፋ ብሎ የቆመ ከቀስት ይድናል፣ ፈረስ ሲመጣ ግን አለቀለት። ጋሻቸውን ከራሳቸው በላይ የገጠሙትን ቀስት አይነካቸውም፤ ነገር ግን ሲራመዱ አስከሬን የሚሸኙ ነው የሚመስሉት። እና ከሁሉ በላይ የገረመኝ፣ ጦር የሚያልቀው ሲዋጋ አይደለም። ጎኑን ሲያይ ባዶ ይሆንበታል፣ ልቡ ይከዳዋል፣ ዞሮ ይሮጣል፤ ያኔ ነው የሚታጨደው። ሰዉ ሳይጎድል ልቡ ብቻ ያለቀ ጦር ስንቴ አይቻለሁ!

ትምህርት ሲከፈት የታሪክ ክበብ ላቋቁም አልኩ። አቶ አብዱላሂ የኮምፒውተር ክፍሉን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ፈቀዱልኝ፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ፤ ይህ ምስጋና የምሬን ነው። መምህር ኢሳቅ ግን በመምህራን ክፍል ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጠየቁኝ።

«ምዋሊሙ ጋዲሴ፣ ወላጅ ክፍያ የሚከፍለው ልጁ ጌም እንዲጫወት ነው?»

«አሰላለፍ ነው የማስተምራቸው» አልኩ።

«አሰላለፍማ እኔ በየጠዋቱ ባንዲራው ሥር አስተምራቸዋለሁ!»

ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም ስቄያለሁ፤ ጥሩ ቀልድ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቀልዱ በየሳምንቱ ይደገም ጀመር፤ በአራተኛው ሳምንት የሚስቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ክበቡ ውስጥ የፎርም ስሪዋ ተማሪ ፈርሂያ ጎዳና ነበረች። ለማታውቋት፣ የኡራን ገጠር ልጅ ናት፤ እዚህ ሄሉ ሰፈር አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ነበር የምትማረው። ክፍል ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም። ክበብ ውስጥም መጀመሪያ እንደዚያው ነበረች። የመጀመሪያ ቀን በአንድ ልጅ ክፉኛ ተሸነፈች። ሌሎቹ ሲሸነፉ ወይ ያለቅሳሉ ወይ «ኮምፒውተሩ ነው» ይላሉ። እሷ ውጊያውን ከመጀመሪያ ጀምሮ መልሼ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብረን አየን። አንድ ቦታ ላይ አቆመችው።

«ምዋሊሙ፣ እዚህ ጋ ቀስተኞቼን ከባለጦሮቹ ፊት ማን ነው ያቆማቸው?»

«አንቺ ነሻ!»

«ምን ነክቶኝ ነው?» አለች። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረች። ይህችን ልጅ ነው ባለጌ ያላችኋት። የራሷን ስሕተት እንደዚህ አድርጋ የምታይ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለች እጇን ታውጣ። ካለም ያውጣ።

እሺ፣ ወደ ወላጆች ቀን ልምጣ።

ሐሳቡን ያመጡት መምህር ኢሳቅ እንደሆኑ ላስታውሳችሁ፤ አሁን እንደኔ ሐሳብ ሆኖ ስለሚወራ። ስብሰባ ላይ፣ «ከክበቡ ልጆች አምስት፣ ከመምህራን አምስት ሆነን በወላጆች ፊት እንጫወት። ይህ ነገር ትምህርት እንደማያስፈልገው ያኔ ይታያል፤ ማንም አዋቂ ቁጭ ብሎ ያሸንፋል» አሉ። እኔ ልምምድ ያስፈልጋል አልኩ። «ምቼዞ ቱ!» አሉኝ። ጨዋታ ብቻ ነው። ደበላ አንድ ቀን መጥቶ ተለማመደ። ግሬስ ሁለት ቀን መጣች፣ ሁለተኛውን ቀን ትኩስ የተጠበሰ ማንዳዚ ይዛልኝ። አቶ አብዱላሂ ሥራ በዝቶባቸው ነበር፤ አልወቅሳቸውም። መምህር ኢሳቅ በሩን ከፍተው አይተውን ሄዱ።

በዕለቱ የኮምፒውተር ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር። ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጥረን ጨዋታው እንዲታይ አደረግን። ወላጆች በረንዳው ድረስ ቆመው በመስኮት ያያሉ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ቡድን ያዛል። የመምህራኑን ጦር እንዳሰልፍ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ።

ቦታችን ጥሩ ነበር። ትንሽ ኮረብታ ደርሶናል። ደበላን ከባለጦሮቹ ጋር መሐል አቆምኩት፣ ተጠጋግተው። ግሬስን ከቀስተኞቿ ጋር ከኋላው ከፍ ካለው ቦታ፤ በደበላ ራስ ላይ አሳልፋ እንድትወረውር። አቶ አብዱላሂን ከባለጋሻዎቹ ጋር በቀኝ። እኔ ጥቂት ተጠባባቂ ይዤ ከኋላ። መምህር ኢሳቅ ፈረሰኞቹን ይዘው በግራ፤ ግራችን ሜዳ ስለነበር ሌላ የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። ከዚያ ያልኳቸውን ቃል በቃል እነግራችኋለሁ፤ ደበላም ግሬስም አጠገባችን ነበሩ።

«መምህር ኢሳቅ፣ የእርስዎ ፈረሶች የደበላን ጎን ይጠብቃሉ። የልጆቹ ባለጦሮች ወጥተው ከደበላ ጋር እስኪያያዙ ድረስ ከቦታዎ አይነቃነቁ። ሲያያዙ እኔ እነግርዎታለሁ፤ ያኔ ዞረው ከጀርባ ይመቷቸዋል።»

«ገብቶኛል» አሉ።

«ማንም ቢመጣ፣ ማንም ቢያሾፍብዎ አይውጡ።»

«ጋዲሴ፣ ልጅ አደረግሽኝ እንዴ? ገብቶኛል አልኩ እኮ!»

ጨዋታው ተጀመረ። የልጆቹ ጦር ከሩቅ ቆሟል፤ አይመጣም። እኛም አንሄድም። ወላጆች መንሾካሾክ ጀመሩ። ያኔ ፈርሂያ ጥቂት ፈረሰኞች ላከች። ቀላል ናቸው፣ ጋሻ እንኳ የላቸውም። በመምህር ኢሳቅ ፊት ለፊት መጥተው አንድ ዙር ቀስት ወረወሩና ዞረው ሄዱ። እንደገና መጡ። አንድ ሁለት ፈረስ ወደቀብን። ከወላጆች መሐል አንዱ ሳቀ። አንዱ ብቻ ነው የሳቀው፤ በቃ።

መምህር ኢሳቅ ወጡ።

«ይመለሱ!» አልኩ። «መምህር፣ ይመለሱ፣ እያታለሉዎት ነው!»

«ያዝኳቸው! ያዝኳቸው!» ይላሉ፣ የኮምፒውተሩን ማውስ ጠረጴዛው ላይ እየደበደቡ። ፈረሶቹ በአንድ ረድፍ መሆናቸው ቀርቶ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆነው እየጋለቡ ነው። የሸሹት ቀላል ፈረሰኞች አንድ ጫካ አጠገብ ደርሰው ለሁለት ተከፈሉ። ከጫካው ውስጥ ባለጦሮች ተነሱ፤ ትከሻ ለትከሻ፣ ጦራቸውን ወደፊት ዘርግተው። ፈርሂያ ከጨዋታው መጀመሪያ ጀምሮ ደብቃቸው ነበር። መምህር ኢሳቅ እዚያ ላይ ነው በሙሉ ፍጥነት የገቡት። ወላጆች «ውይ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ፈረስ የሚባል አልነበረንም።

የቀረውን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። የልጆቹ ዋናው ጦር ያኔ ተንቀሳቀሰና ከደበላ ጋር ተያያዘ። ደበላ፣ ጥሩ ነበርክ፤ ይህን ልመስክርልህ፤ ከፊት ያለውን ሁሉ ይዘኸው ነበር። ተጠባባቂዬን ወደ ግራ ላክሁ፤ ጥቂት ናቸው፣ ቦታውን አልሞሉትም። የልጆቹ ከባድ ፈረሰኛ በባዶው ሜዳ ዞሮ ከደበላ ጀርባ ገባ። የደበላ ሰዎች ገና ብዙ ነበሩ። ግን ተፈቱ፣ ሮጡ። የሮጡት ደግሞ በግሬስ ቀስተኞች መሐል ነው፤ እነሱንም ይዘዋቸው ሄዱ። በቀኝ በኩል አቶ አብዱላሂ ጋሻቸውን ገጥመው እስከ መጨረሻ ቆመዋል። በእርግጥ የቆሙት «የትኛውን ልጫን?» እያሉ ነበር፤ ቢሆንም ቆመዋል። ይህን ለማክበር እንጂ ለማሾፍ አላልኩም። ደህና፣ ትንሽ ለማሾፍም ነው።

ተሸነፍን። ምን አለበት? የመምህራን በተማሪ መሸነፍ ማለት እኮ አስተምረናል ማለት ነው። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ፈርሂያ ተነስታ ከጓደኞቿ ጋር ስትጨባበጥ እናቶች እልል አሉላት።

መምህር ኢሳቅ ማይኩን ያዙ። ፊታቸው አልቦት ነበር፣ ግን ፈገግ ብለዋል። እንዲህ ሲሉ ጠየቋት፤ «ፈርሂያ፣ እስቲ ለወላጆች ንገሪያቸው፤ እንዴት አሸነፋችሁን?» «ዕድለኞች ሆነን ነው» እንድትል እንደጠበቁ ገብቶኝ ነበር። እሷ ግን መምህር የጠየቃትን የምትመልስ ልጅ ናት።

«ምዋሊሙ፣ እርስዎ ብቻዎን ስለመጡ ነው» አለች። ቀጥላም ግድግዳው ላይ በእጇ እያሳየች፣ «እዚህ ቢቆዩ ኖሮ የእኛ ፈረስ ማለፊያ አልነበረውም፤ እኛ ነበርን የምንሸነፈው» አለች።

ይህ ነው የተናገረችው። አንድ ቃል አልጨመርኩም። ወላጆች ሳቁ። የሳቁት እነሱ ናቸው። እሷ አልሳቀችም።

ሰኞ ጠዋት ፈርሂያ በሰልፉ ላይ ስሟ ተጠርቶ ወጣች። «መምህርን በሕዝብ ፊት በማዋረድ» እስከ ሌላ ማሳሰቢያ ድረስ ከትምህርት ታግዳለች ተባለ። የኮምፒውተር ክፍሉ ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለ። ክበቡ ተዘጋ። ቦርሳዋን ይዛ በበሩ ስትወጣ ባንዲራው ሥር የቆመው ተማሪ ሁሉ ያያት ነበር። መዋረድ ማለት እንዲህ ነው።

መምህር ኢሳቅ፣ ሲነሱ አየሁዎት። በሩ ክፍት ነው፤ መሄድ ይችላሉ። ግን ቢቀመጡ ይሻልዎታል፤ ከወጡ ለምን እንደወጡ ሰዉ ሁሉ ያውቃል።

አመሰግናለሁ።

የመምህር ኢሳቅ ነገር ከባድ አይደለም። እልኸኛ ሰው ናቸው፣ ተናደዱ፤ እልኸኛ ሰው ይናደዳል። እኔን ከዚህ ቤት ያስወጡኝ እሳቸው አይደሉም። እናንተ ናችሁ።

ረቡዕ ስብሰባ ነበር። ማክሰኞ ደበላ መምህራን ክፍል አስቁሞኝ፣ «ጋዲሴ፣ ይህ ግፍ ነው። ነገ እኔም እናገራለሁ፤ ከጎንሽ ነኝ» አለኝ። ግሬስም እጄን ይዛ፣ «ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ፤ እኔም አለሁ» አለችኝ። ሌሎቻችሁም በየመተላለፊያው፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ እንደዚያው ብላችኋል። ማን ምን እንዳለ አንድ በአንድ አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ስብሰባው ላይ ተነሳሁ። ልጅቷ ተጠይቃ መለሰች፣ ውሸት አልተናገረችም፣ እገዳው ይነሳ አልኩ። አቶ አብዱላሂ፣ «ሌላ አስተያየት ያለው?» አሉ። ዞሬ አየሁ። ደበላ ስልኩን ይነካካል። አሁንም እየነካካኸው ነው፣ ደበላ፤ አስቀምጠው። ግሬስ መስኮቱን ታያለች። መስኮቱ ውጪ ምንም አልነበረም። አቶ አብዱላሂ ቆዩ፤ ልክ እንደ ጨዋ ሰው በቂ ጊዜ ሰጡ። ከዚያ፣ «ለሰላም ሲባል እንደተወሰነው ይሁን» አሉ።

የማን ሰላም?

ያን ቀን ስለ አሰላለፍ ሳስተምር የከረምኩትን እያሰብኩ ቤቴ ገባሁ። እሱን አሁን አላብራራም። የተማራችሁ ሰዎች ናችሁ።

ቅዳሜ ኡራን ሄድኩ። በሎሪ፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ፤ ወገቤ እስካሁን ያስታውሰዋል። የፈርሂያ አባት አቶ ጎዳና ከብቶቹን ውሃ አጠጥተው ገና መመለሳቸው ነበር። በኦሮምኛ ነው ያወራነው።

«ልጅህ መምህር ሰደበች ብለው ላኩብኝ» አሉ። «ምን ብላ ነው የሰደበችው?»

የተናገረችውን ነገርኳቸው። ጨዋታው ምን እንደሆነ፣ ፈረሶቹ የት እንደነበሩ፣ ማን እንደጠየቃት፣ ሁሉንም።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እውነት ነው የተናገረችው ወይስ ውሸት?»

«እውነት ነው።»

በትራቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉና፣ «ታዲያ አንቺ ለምን መጣሽ? እነሱ ይምጡ እንጂ» አሉኝ።

እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

እናቲቱ ወደ ጎን ወስደው ሌላውን ነገሩኝ። አጎቷ፣ ልጅቷ ከትምህርት መውጣቷን ሰምቶ አንድ ሐሳብ ይዞ መጥቶ ነበር። ምን ዓይነት ሐሳብ እንደሆነ ለእናንተ መንገር የለብኝም፤ እዚህ አገር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። «እኔ አልፈልግም፤ ግን ቤት ቁጭ ካለች እስከ መቼ እከላከላለሁ?» አሉኝ።

ፈርሂያን ከቤቱ ጀርባ አገኘኋት። ዩኒፎርሟ ታጥቦ እሾህ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ነበር።

«ለምንድን ነው ያጠብሽው?» አልኳት።

«ለሰኞ።»

«ጠርተውሻል?»

«አልጠሩኝም። ግን ሌላ ማሳሰቢያ ብለዋል አይደል? ድንገት ከጠሩኝ ብዬ ነው።» የዩኒፎርሙን እጅጌ ቀና አደረገችና፣ «ምዋሊሙ፣ ባልመልስላቸው ይሻል ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጠይቁ፣ መልሱ ስል የኖርኩ መምህር ነኝ። ይህን ጥያቄ እንድትጠይቅ ያደረጋችኋት እናንተ ናችሁ፤ ይህን ይቅር ልላችሁ ሞክሬ አልቻልኩም። «አይሻልም ነበር» አልኳት። «ያልሽው ልክ ነው።»

እሑድ በማርሳቢት መንገድ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዳይሬክተሯ ሴት ናት። ታሪኩን ከሰማች በኋላ፣ «ልጅቷን እንቀበላለን፣ አዳሪ ክፍልም አለን» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ «የታሪክ መምህር ግን የለንም፤ ባዶ ነው» አለች። እሱን እንኳ አልጠበቅኩም ነበር። «አሁን አላችሁ» አልኳት። በማግስቱ መልቀቂያዬን አቶ አብዱላሂ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። እሳቸውም ፈርሂያ የምትዛወርበትን ወረቀት ያን ዕለት ፈርመው ሰጡኝ፤ ቀና ብለው ሳያዩኝ። ለፊርማው አመሰግናለሁ። ቀና ብለው ቢያዩኝ ግን ደስ ባለኝ ነበር።

ፈርሂያ ትምህርት ከጀመረች ሰነበተች። አዲሱ ቦታ ያለን ሁለት ኮምፒውተር ብቻ ነው፣ አንዱ ደግሞ ሲሞቅ ይጠፋል። ባለፈው ቅዳሜ ለጉብኝት ስሄድ ተማሪዎቹ እንድንጫወት ጠየቁን፤ እሷና እኔ፣ ክፍሉ ሁሉ እያየ። ባለጦሮቼን ተጠጋግተው አቆምኩ፣ ሁለቱንም ጎኔን በፈረስ ጠበቅኩ። ማንም አያልፈኝም አልኩ። እሷ ቀስተኞቿን ብቻ አቅርባ ትወረውርብኝ ጀመር። ተጠጋግተው የቆሙት ሰዎቼ አለቁ። ልበትናቸው ስል ፈረሷን ላከች። ሳልበትን ብቆይ በቀስት፣ ብበትን በፈረስ። ሁለቱንም አዘጋጅታልኝ ነበር።

ተማሪዎቹ ጮኹ። አንዱ፣ «ምዋሊሙን አሸነፈች!» እያለ ወንበር ላይ ወጣ። ፈርሂያ አልጮኸችም። ወደ እኔ እያየች ነበር፤ ፊቴን እያየች። ምን እንደምትፈልግ አወቅኩ። ምን እንደምትፈራም አወቅኩ።

ተነስቼ እጇን ጨበጥኳት። «ጎበዝ! አሁን ደግሞ እንዴት እንዳሸነፍሽኝ ለሁሉም አስረጂ» አልኳት። አስረዳች፤ ስሕተቴን አንድ በአንድ፣ ኮምፒውተሩ ላይ በእጇ እያሳየች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ይህን ያህል ቀላል ነበር፣ መምህር ኢሳቅ። ተነስቶ መጨበጥ ብቻ።

ጨርሻለሁ። የሚለይ ሰው ይመርቃል፤ እኔም ሳልመርቅ አልሄድም፤ ተናድጄም ቢሆን እመርቃለሁ።

አቶ አብዱላሂ፣ ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥዎ። ሰላም የሚሉትን ነገር በውል የሚያዩበት ዓይንም ይስጥዎ። ያን የኮምፒውተር ክፍል ቁልፍ የሚከፍት እጅ የእርስዎ ይሁን።

ደበላ፣ አንተ ባለህበት ግንባር ማንም እንደማያልፍ አይቻለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ አንደበትህን ይፍታልህ።

ግሬስ፣ አታልቅሺ። ደግ ሰው ነሽ፣ ማንዳዚሽም ጥሩ ነው። ደግነትሽ መተላለፊያ ላይ እንዳይቀር አምላክ ያበርታሽ።

መምህር ኢሳቅ፣ ለእርስዎ የምመኘው ከልቤ ነው። በየዓመቱ የሚበልጥዎ ተማሪ ይስጥዎ። እስኪያስደስትዎ ድረስ ደጋግሞ ይስጥዎ።

ለሌሎቻችሁም፣ ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ኡራንም ሄሉም ሞያሌም ዝናብ ይዝነብ፣ ከብቱ ይጥገብ፣ መንገዱ ክፍት ይሁን። በክፍላችሁ ውስጥ እጇን አውጥታ የምትጠብቅ ልጅ ስትኖር ስሟን ጥሩ። የምትለውንም ስሙ።

ደህና ሁኑ።